መላጣው ንጉሥ

ሐሙስ ዊኒፔግ ላይ፣ ከዜሮ በታች ነበር፣
ሠላሳ ሁለት፤
የሰንጠረዤም ጠጠር ቁጥሩ ያው ሆነና
አንድ ብቻ ቀረኝ፣ የጥቁሮቹ አባት።

ጋራዡ ይበርዳል። ጓንት ግን አላጠልቅ፤
ቶርኖ ጓንት ካገኘ፣ ከነጣቱ ጠቅልሎ ነው የሚሰብረው፤
ይህን ያስተማረኝ ጎረቤቴ ቦህዳን
ዘጠኝ ጣት ነበረው።

ማሽኑም የሱ ነበር። በተቀበረ ማግስት
ሚስቱ ሃልያ፣ ከአጥሩ ማዶ ሆና
«አርባ ዶላር» አለች፤ «አርባ ዶላርና
አንድ ቃል፤ ዝገት እንዳይበላው።»
ገንዘቡን ያኔ ቆጠርኩ። ቃሉን ግን ይኸው
ማታ ማታ እየመጣሁ
በትንሽ በትንሹ ነው የምከፍለው።

ነጮቹ ከሜፕል፣ ሐምሌ ላይ ማዕበል
አጥራችን ላይ ከጣለው፣
ሲላጥ ልቡ ቀይ ነው፣ የቆሰለ የሚመስለው።
ጥቁሮቹ ከዋልነት፤ ከሃልያ ሰፊ አልጋ
«ላንድ ሰው ጠባቡ ይበቃል» ብላ
ደጅ ካወጣችው፣ ከአራቱ እግር።

«ወታደሩ ይቀላል» ይላሉ። ማን ነገራቸው?
አንዱንማ ማንም ይሠራል፤
ስምንተኛው ነው ጉዱ፣ አንገቱን አቅጥኖ ወገቡን አወፍሮ
ወንድሞቼን አልመስል ይላል።

ፈረስን ደግሞ ቶርኖ አያውቀውም፤
የሚሽከረከር አገጭ የለም።
እሱን ልጄ ሲፈን በካራ ቀረጸች፤
ግማሹ ሚዳቋ፣ ግማሹ በቅሎ ነው።
«ፈረስ ነው?» ብላት
«ሲዘል ታየዋለህ» አለች።

እና ሐሙስ ማታ ንጉሡን አሰርኩት፣
የመጨረሻው እግር፣ የመጨረሻው ቁራጭ።
ትከሻው ወጣ፣ አንገቱም ወጣ፤
ሐሳቤ ይሽሽ እጄ ይደንዝዝ አላውቅም፣
መሮው ነከሰ፤ ጧ!
ዘውዱ በርሮ ከበረዶ አካፋው ሥር ገባ።

ሌላ ዋልነት የለም። ሌላ አልጋ አይፈርስም።
ሰሌዳው ላይ ወታደር፣ ገፍቶ ገፍቶ ይሾማል፤
ቶርኖ ግን ሹመት አያውቅም፣
ያወቀው መቀነስ ነው፤
ከንጉሥ ወታደር ይወጣል፣
ከወታደር ንጉሥ አይወጣም።

ወታደር ላደርገው አሰብኩ። እጄ እምቢ አለ።
አናቱን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ
ዘይት አጠጣሁት፤
መላጣ ንጉሥ፣ ከንግሥቱ
ባንድ አውራ ጣት ያጠረ።

እሑድ ሃልያ መጣች። ጥቁሩን መረጠች።
ከታች ወደ ላይ በጣቷ ዳሰሰችው፤
ዘውዱ የነበረበት ቦታ ላይ ቆየች።
«ቦህዳንም አጭር ነበር» አለች፤
ሌላ አልጠየቀች።

ሲፈን ነጩን ፈረስ
ጆሮውን ይዛ አነሣች፤
ዘለለ።