የምክንያት ዓምድ

በባሪ ወደብ ላይ፣ ከቅርንጫፉ ሐዲድ ዳር፣
ጣሪያዋ የሚያፈስ ክፍል አለችኝ፣ ከአንዲት ምድጃ ጋር።
ሥራዬ መዝገብ ነው። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀን፣ ሰዓት፣
የቆሰለው አካል፣ የፉርጎው ቁጥር፣ የጭነቱ ክብደት፤
በስተመጨረሻም ቀይ መስመር ያጠራት
"ምክንያት" የምትባል ጠባብ ዓምድ አለችበት።

በሦስት ቃል ትሞላለች፤ አራተኛው አይገባም።
ሚስተር ፕሮበርት ሲያሳትሟት አስበው ነው፣ በስህተት አይሆንም።
"የራሱ የጥንቃቄ ጉድለት።" ልኳ ይኸው፤
ስምንት ዓመት ሙሉ ቀለሜን የጨረሰው።

ሌሊት ከመስኮቴ ሜዳውን አያለሁ፤
ማየት ልበለው እንጂ ድምፁን እሰማለሁ።
ከሸለቆው የመጣው ፉርጎ ከሰሉን እንደ ተጫነ
ያለ ሳቢ ይለቀቃል፤ ቁልቁለቱ ነጂው ሆነ።
ሰው ከጎኑ ይሮጣል፣ በአንድ እጁ ፋኖስ፣ በአንድ እጁ ዱላ፣
የፍሬኑን ዘንግ ሊጫን፣ ከአንዱ ሐዲድ ዘሎ ወደ ሌላ።
እግሩ የሚያውቀውን ዓይኑ አያውቅም፤
ጉም ከባሕር ሲነሣ የገዛ ጉልበቱን አያይም።

ከታች፣ ከመርከቡ ሆድ፣ አካፋ የያዙት አሉ፤
ከላይ አሥር ቶን ሲገለበጥ ጥግ ይዘው አፋቸውን በጨርቅ ያስራሉ።
አቧራው ሳይረጋ ይገባሉ፣ ክምሩን ወደ ዳር ይገፋሉ፣
በጨለማው ስም አይሰማምና በሳል ይጠራራሉ።
እንደገና ፊሽካ፣ እንደገና ጥግ።
አንዳንዴ ፊሽካው ይዘገያል።
ያን ጊዜ መዝገቤን እከፍታለሁ።

ሴልዊን ፓውልን አውቀዋለሁ። ሦስት ማክሰኞ ተከታትሎ
ደጄ ቆሟል፣ የተሰነጠቀ ፋኖሱን በጣቱ አንጠልጥሎ።
"ነፋስ ያጠፋብኛል፣ ጸሐፊው፤ ሌላ የለም ወይ?" አለኝ።
ጥያቄውን ጻፍሁለት። መልሱ በወረቀት ደረሰኝ፦
"በሚቀጥለው ሩብ ዓመት።" ሩብ ዓመት! ለነፋስ
ቀጠሮ ይሰጡታል፤ ቆይ ይሉታል፣ በጀት እስኪደርስ።

በአራተኛው ማክሰኞ ሴልዊን አልመጣም።
(መጣ፣ በቃሬዛ፤ እሱ መምጣት አይባልም።)
ሁለት ፉርጎ መካከል፣ መንጠቆውን ሊያጋጥም ገብቶ፣
ሦስተኛው ከኋላ መጣ፣ ማንም ሳይጮህ፣ ፋኖሱ ጠፍቶ።
የባሕሩ ሙላት ሳይሸሽ መርከቡ መውጣት ነበረበት፤
ሙላቱ አልጠበቀ፣ መርከቡም ወጣ፣ ሰው ቀረበት።

ሚስቱ ብሎድወን ሐሙስ መጣች፣ የመጨረሻ ደሞዙን ልትወስድ፤
አላለቀሰችም። ሽልንጉን ቆጠረች፣ አንድ በአንድ።
"ይጎድላል" አለች። ይጎድላል፤ አውቃለሁ።
የተሰበረው ፋኖስ ዋጋ ነው፤ እኔው በእጄ ቀንሻለሁ።

ዝም አልን። ከደጅ ፉርጎ ከፉርጎ ይላተማል።
የቀለሙን ብልቃጥ አየሁት፤ ከሰል የሟሟበት ይመስላል።
ዓምዷ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች፤
"የራሱ የ..." እጄ ለምዳለች፣ ሳላዛት ትጽፋለች።

ያዝኋት።
"ፋኖስ የለውም" ብዬ ጀመርሁ። ቦታው አለቀ።
ቀዩን መስመር አለፍሁት፦ "ሦስት ጊዜ ጠየቀ።"
ወደ ኅዳጉ ወጣሁ፦ "የሚጮኸው ሰው ከሥራ ተቀንሷል፣ አልተተካም።"
ኅዳጉም ሞላ። ወረድሁ፣ የነገው ሟች በሚጻፍበት መስመር፦
"ትእዛዙ 'ፍጠኑ' እንጂ 'ተጠንቀቁ' አልነበረም።"

ሚስተር ፕሮበርት ነገ ገጹን ይቀድዱታል።
ይቅደዱት። ጠንክሬ ነው የጻፍሁት፤
ከሥር ባለው ባዶ ገጽ ላይ
ጣት ያገኘዋል።

ብሎድወን ገንዘቡን በመሐረብ ቋጠረች፣
ደጁ ጋ ቆመችና ፋኖሱን ጠየቀች።
ከፍላበታለች። ሰጠኋት።
ያልበራ መብራት ይዛ በሐዲዱ መካከል ስትሄድ አየኋት፣
ጉሙ እስከ ወገቧ፣ ከዚያ እስከ ትከሻዋ፣

ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ፣ የማን እንደ ሆነ አላውቅም፣
ጮኸ፦ "እመቤት! ፉርጎ!"