የማታ ስም

ኦሉ ላይ፣ በጥር፣ ፀሐይ ዘግይታ ነው የምትመጣው፤
ካፖርቷን ሳታወልቅ እንደምትነሳ እንግዳ፣ ወንበር ሳታሞቅ ነው የምትወጣው።
ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት መስኮቱ ጠቁሮ፣
ወደቡ ነጭ ሆኖ፣ ባሕሩ ታስሮ፣
አምስት ሰዎች ነን፣ ለበረዶ ሰባሪ መርከብ «በዚህ እለፍ፣
በዚያ አትለፍ» የሚል ፕሮግራም የምንጽፍ።

ኮዳችን አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ቋት ኖሯል፣
ምድር ቤት፤ ቁልፉ ኢልፖ ኪስ ውስጥ ተቀብሯል።
እሱ ከሳለ ሥራው ይስላል፤
ሽቦው ከላላ ጉልበታችን ይዝላል።
ቱሊ ደግሞ መርከብ ላይ ናት፣ ሁለት ሳምንት ያለ መስመር፣
ያለ ታሪክ፣ ያለ ምስክር።
ስትመለስ ከፍላሿ ፋይል ታራግፋለች፦
«የመጨረሻ»፣
«የመጨረሻ ሁለት»፣
«እውነተኛው የመጨረሻ»፣
«ይሄኛው ነው በቃ»።
የትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅ።

ስለዚህ መምረጥ ግድ ሆነ። ሦስት ዕጩ ቀረበ፦
ጊት — ፈጣን፣ ምላሱ ስለት፣ ላጠፋ የማያዝን፤
ሜርኩሪያል — ጨዋ፣ ቀስ ብሎ የሚያስረዳ፣ ሰው የማያሳዝን፤
ባዛር — ስሙ እንደሚለው ገበያ፣ ያሻህን አንስተህ ሂድ ባይ፣
ደረጃ መሃል ቁጭ የሚል ግን፣ የእኛን ሸክም ሲያይ።

ኤስኮ ለመጀመሪያው ጠረጴዛ ደበደበ፤
ማርኬታ ለሁለተኛው ሰንጠረዥ ዘረጋች፣ ባለ ሦስት ቀለም።
ኢልፖ ሻዩን አማሰለ። ሻዩ ውስጥ ስኳር የለም።
«ሁሉም ሰው ሙሉውን ታሪክ በየላፕቶፑ ከያዘ፣
ሁሉም ዋና ከሆነ፣» አለ፣ «ዋናው የቱ ነው?»
«የተስማማንበት ነዋ፣» አለች ቱሊ፣ ቆይታ።
«መስማማት ዲስክ ላይ አይቀመጥም።»

የአሥራ አንድ ዓመቱን ታሪክ ወደ ሦስቱም ገለበጥን፣ ለሙከራ፤
መስመር በመስመር፣ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደሠራ።
ስሞች ወረዱ። ኤስኮ። ኤስኮ። ማርኬታ። ኢልፖ።
ከዚያ ማታ መጣ።

ዩርያና ማታ። ከአራት ዓመት በፊት ነው የሞተው፣
በሚያዝያ፣ በረዶው ሲሟሟ።
የስሙ ፊደላት አናታቸው ላይ ጥንድ ነጥብ አላቸው፤
አዲሶቹ ማሽኖች አላወቋቸው።
ነጥቡ ረገፈ፣ ፊደሉም አብሮት፤
ማታ፣ በሦስቱም ስክሪን፣ የጥያቄ ምልክት።
ከስሙ ሥር የመጨረሻ መልእክቱ፦
«ይህ ቀመር ስስ በረዶ ላይ ይሳሳታል። ነገ አስተካክለዋለሁ።»

ማንም አልተናገረ።
ክርክሩን ለነገ አሳደርነው፤
ኢልፖን ምድር ቤት ተውነው።

ጠዋት (ጠዋት ይባል እንጂ ጨለማ ነው)
ጠረጴዛው ላይ አንዲት ወረቀት፣
ወረቀቷ ላይ አርባ መስመር ስክሪፕት፣
የረገፈውን ነጥብ ለቅማ
በየአናቱ የምትመልስ።
የጻፋት ለጊት ነበር፣
ሳምንቱን ሙሉ ሲያጣጥለው ለሰነበተው።
ለምን ብለን አልጠየቅን።
እጅ አላወጣንም፣ ድምፅ አልቆጠርንም፤
ማርኬታ ሰንጠረዧን አጣጥፋ ኪሷ ከተተች፣ ትንሽ ከፍቷት።

በየካቲት ቱሊ እንደገና ባሕር ወጣች፤
አሥራ አንዱን ዓመት ሙሉ በላፕቶፕ ቦርሳ አዘለች።
መስመር በሌለበት፣ ብረቱ በረዶ ሲያኝክ፣
ከግንዱ አንድ ቅርንጫፍ ከፈለች፤ ስሙን «ነገ» አለችው።
ወደብ ስትደርስ ቅርንጫፉ ከግንዱ ተዋሃደ፤
ከሥር የማታ መስመር፣ ከላዩ የእሷ፣
ማንም ማንን ሳይሰርዝ።
ቀመሩ አሁንም ፍጹም አይደለም፤
ስስ በረዶ ሲያይ ትንሽ ይፈራል።

የምድር ቤቱ ሰርቨር ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።
ማንም አይጽፍበት፣ ማንም አያነብበት።
ኢልፖ ጓንቱን ያደርቅበታል፤
«ይሞቃል» ይላል።