ጠጠርና ስንዴ

ከኩታበር ወዲያ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
ጎማዬ ጠየቀኝ፣ «ወዴት ልንዘልቅ?»
መልስ አልነበረኝም፤ መሪው ላይ ጎንበስ፣
ኮረኮንቹን ያዝኩት ጥርሴ እስኪንቀሳቀስ።

ሳይክሌ የአባቴ ናት፣ ሦስቴ የተበየደች፣
ሸዋ በር ጋራዥ ውስጥ ከሞት የተመለሰች፤
ሰፊ ጎማ አልብሼ፣ ፍሬኗን ቀይሬ፣
ኮርቻዋን በበግ ለምድ ጠቅልዬ አስሬ፣
ወጣሁ።
ከፊቴ ጦይባ፣ የእህቴ ልጅ፣ በሃያ ዓመት ጉልበት፣
ዳገት እንደ ዕዳ የምትከፍል፣ እጅ በእጅ፣ በቅጽበት፤
እኔ በዱቤ ነኝ፤ ጥቂት በጥቂት፣ ትንፋሽ በትንፋሽ፣
ሳንባዬ እንደ ወናፍ ሲል ሽው፣ ሲል ፍሽሽ።

ከዚያ ቁልቁለቱ።
በሸሎ ከታች እንደ ወደቀ መቀነት ያበራል፣
መንገዱ ገደሉን እያባበለ ይወርዳል፤
ፍሬኔን ቆንጠጥ፣ ለቀቅ፣ ደግሞ ቆንጠጥ ሳደርግ፣
ጠጠሩ ከጎማው ሥር ሲፈናጠር፣ ሲያፈገፍግ።
መድፍ ተጎትቷል አሉ በዚህ ሸለቆ፣
ስንት ትከሻ ልጦ፣ ስንት ጠፍር በጥሶ፣ ስንት ጉልበት አድቅቆ።
መቅደላ ያ ማዶ፣ ጠፍጣፋ አናቱን ደመና ላይ አኑሮ፣
አላፊ አግዳሚውን ያያል እንደ ኬላ ዘበኛ ቆጥሮ።
እውነቱን ልናገር? አላሰብኩም ያኔ ስለ ንጉሥ፣ ስለ መድፍ፤
ያሰብኩት ስለ ፍሬን ሽቦ ነው፣ እንዳይበጠስ በገደል አፍ።

ድልድዩን ተሻግረን የደላንታን ዳገት ስንጀምር፣
ጥስስ አለ የኋላው ጎማ፣ እንዳልተጠበቀ ምስጢር።
ጦይባ ርቃለች።
ጎማውን ፈትቼ፣ ካላማዳሪውን ከጉንጬ አስጠግቼ፣
ቀዳዳውን ስፈልግ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ጆሮዬን ሰጥቼ፣
«አብሽር!» አለኝ አንድ ድምፅ።
ካብ ላይ ተቀምጠዋል ሉባባ ይመር፣
አንድ እግራቸው ማሳ፣ አንድ እግራቸው መንገድ ዳር።
ወረዱ። ጎማውን በጣታቸው ዳሰሱ፣
ስል ጠጠር ነቀሉና በመዳፋቸው አበሱ።
«አውቀዋለሁ ይሄን፣
ከዚህ እስከዚያ ግራር እኔ ነኝ የፈለጥኩት።
ክፉ ቀን ነበር፤ መዶሻ አስያዙን፣
በቀን ሦስት ኪሎ ስንዴ ሰፈሩልን፣
ልጅ በጀርባችን፣ ጨርቅ በጣታችን፤
ይህ መንገድ እንዲህ ነው የወጣ፣ ከሆዳችን።
ከግራሩ ወዲያ የሰዓዳ ድርሻ ነው፣ የጎረቤቴ፤
ሚዛኑ ሲደርሳት እሷ የለችም።
ስንዴዋን ለልጇ ወሰድኩ። ሌላውን አልናገርም።»

ማስቲሹ እስኪደርቅ ዝም ብለን ጠበቅን።

«እናንተስ» አሉኝ፣ «ይህን ዳገት ስትወጡ ስንት ይሰፈርላችኋል?»
«ምንም፣ እማማ።»
«በነፃ?»
«በነፃ። እንዲያውም ከኪሳችን አውጥተንበታል።»
ሳቃቸው ገደሉን ዞሮ ተመለሰ፣
ከካቡ ጫፍ ቁራ ደንግጦ ገሠገሠ።
«አልሐምዱሊላህ» አሉ፣ ዓይናቸውን በሻሻቸው ጠርገው፣
«ይህንንም ቀን አየሁ፤ ሰው ጠግቦ ዳገት ሲያምረው!»

ጦይባ ተመልሳ መጣች፣ «ምን አቆየህ?» እያለች፤
ነገርኳት እየወጣን። ምንም አልመለሰች።
ዳገቱን ከዚያ ወዲያ በኪሎ ሜትር አልለካሁትም፤
ሦስት ኪሎ፣
ስድስት ኪሎ፣
ዘጠኝ፣
ከዚያ በላይ መቁጠር አልሆነልኝም።

ግራሩ ጋ ስንደርስ ጦይባ ወረደች፣
እጅ በእጅ ከፋይዋ፣ ሳይክሏን በእጇ ገፋች።
እኔም ወረድኩ።
እስከ የት እንደሆነ የሰዓዳ ድርሻ፣
አልጠየቅንም ነበር፤ ምልክት የለው፣ መጨረሻ፤
ስለዚህ ገፋን።
አንድ የጭነት መኪና አቧራ አልብሶን አዘገመ፣
ፀሐይ ወደ መቅደላ ዞረች፣ ጥላችን ረዘመ።
ጦይባ ወደኋላ ዞራ አየችኝ፤ «እንውጣ?» አላለችም።
ገፋን።
ወገል ጤና ገና ሩቅ ናት።