ጥያቄ አሥራ ሁለት

በኩኦፒዮ፣ ከሐይቁ ዳር፣ ከትምህርት ቤቱ ጓዳ፣
ለሕፃናት በተሠራ ጠረጴዛ ጉልበቱ ሲጎዳ፣
ቬይካ፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
«እንጃ»፣ «ምናልባት»፣ «አይ» ብቻ አንደበቱ።
እኔ እቆጥራለሁ፦ ስንት ቃል፣ ስንት አያያዥ፣ ስንት ዝምታ፤
ጥያቄ አሥራ ሁለት መጣ በተርታ፦

«ሰውየው ስስ በረዶ ላይ ቆሟል ሲባል፣
ምን ማለት ይመስልሃል?»

ቀና አለ።

«መጀመሪያ ይዘፍናል፤
እንደ ተወጠረ ሽቦ ቀጭን ድምፅ ያወጣል።
ከዚያ ከሥሩ ውሃው ይጠቁራል።
ኦስሞ፣ ወንድሜ፣ እጁን አልዘረጋልኝም፤
እንዳልቀርብ ነው፤ ያኔ ግን አልገባኝም።»

መመሪያው አያሻማም፦ ምሳሌያዊ ፍቺ ከሌለ፣ ዜሮ።
ጻፍኩ፦ ሰሙን ይዞ ቀረ፣ ወርቁ ተሰውሮ።

ቀጣዩን ካርድ ሳነሣ፣
ከእግሬ ሥር፣ ከምንጣፉ በታች፣
አንዲት ቀጭን ሽቦ ዘፈነች።