የወፍጮው ድርሻ

ሰቃ ላይ ያለችው የአባቴ ወፍጮ ተሸጠች፣
ለስድስት ተካፍላ ለእኔም ጥቂት አወጣች፤
ኀምሳ አንድ ሺህ ብር፣ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ፣
ታቅፌው መጣሁ ጅማ ድረስ፣ ከሻርፔ ሥር ተከልሎ።
አጂፕ ስወርድ ልቤ ደነገጠ፣
ወያላው እንኳ ያወቀ ይመስል፣ ዞሮ እያየኝ አፈጠጠ።

ማታ ልጆች ሲተኙ፣ ተማም በሩን ቆልፎ፣
ዕዳችን በሂክመት የሒሳብ ደብተር ጀርባ ሰፈረ፣ በእርሳስ ተጽፎ።
የብድርና ቁጠባው ሠላሳ ስምንት ሺህ፣ ወለዱ ሳይታሰብ፣
የእቁቡ፣ ቀድሜ የበላሁት፣ ገና ዘጠኝ ዙር የሚሰበሰብ፣
የቤት ኪራይ የሁለት ወር፣
ሲንጀሯም ተጻፈች፣ ዕዳ ባትሆንም፤ ጥርሷ አልቆ ጨርቅ እየበላች ስታማርር።
ከሁሉም በታች፣ በትንሽ ፊደል፦
ሸምሲያ። ሺህ ሦስት መቶ አርባ። የዘይት፣ የሳሙና፣ አንድ ሌሊት የፓራሲታሞል።

ተማም፣ "ባንክ ይግባ" አለ፤ "ለክፉ ቀን ይሁን።"
"ከዚህ የከፋ ቀን የት አለ?" አልኩት፤ ሳቅ ያዘን።
ወንድሜ ዘይኑ ደወለ፦ "እናዋጣና ባጃጅ እንግዛ፣
ቁጭ ያለ ብር ቅቤ ነው፣ ይቀልጣል እንደ ዋዛ።"
ወለዱ ግን አይተኛም፤ እኔ ስተኛ ይነቃል፣
እኔ አንድ እጅጌ ስሰፋ እሱ ኮቱን ይጨርሳል።
ቆጠርኩት። ደግሜ ቆጠርኩት።
ለሁሉም ላዳርሰው ብል ለማንም አልበቃ አለኝ፤
አጭር ብርድ ልብስ ነው፣ ራሴን ስሸፍን እግሬን ገለጠብኝ።

አንድ ነገር አለ፣ ለተማምም ያልነገርኩት፣
ወፍጮዋ በተሸጠች ዕለት ብቻዬን ገብቼ ያየሁት፤
ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ፣
ከላይ እስከ ታች በከሰል የተጫረ፣ የሰው ዕዳ።
አባቴ አባ ዲኮ ፊደል አያውቅም ነበረ፤
አንድ ጭረት አንድ ቁና ነው፣ ሳይከፈል የቀረ።
ከጎኑ ምልክት፦ በሬ፣ ጎጆ፣ አንድ እግሯ የጎደለ በርጩማ፣
ለእሱ የሰው ስም ነው፣ ለሌላው ግን ጨለማ።
"ይኼ ሁሉ ቢሰበሰብ ኖሮ…" አለ ዘይኑ፤ ቀሪውን ዋጠው ሳይናገር።
አባቴ ግን ጆንያቸውን ተቀብሎ ይፈጫል፤ ጢሙ ዱቄት ለብሶ፣ ዝም ይል ነበር።
ገዢው በማግስቱ ባልዲ ኖራ ይዞ ገባ፤
እስከ ቀትር ያ ሁሉ ዕዳ ነጭ ሆነ፣ በብሩሽ ተቀባ።
የእኔን ግድግዳ ማን ይቀባዋል?
የእኔ በቀለም ነው፤ ማኅተም አለው፤ ዋስ ፈርሞበታል።

ደግሞም መንገዱ።
ከሄርማታ ገበያ ቤቴ አምስት ደቂቃ ነው፣ በሸምሲያ ሱቅ በኩል ቢሄዱ።
እኔ ግን ዓመት ሊሞላኝ ነው በአዌቱ ድልድይ ስዞር፣
በዝናብ፣ በጭቃ፣ ሁለት ዘንቢል ተሸክሜ፣ ስሸሽ ስሰወር።
አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም፤ ያ ነው የከበደኝ፣
ብትጮህብኝማ ኖሮ፣ ስድቧ ዕዳውን ባቀለለኝ።

ጠዋት ፌስታሉን ፈትቼ ሺህ ሦስት መቶ አርባ ለየሁ፣
የቀረውን ዱቄት ዕቃው ውስጥ ቀብሬ ወጣሁ።
ሸምሲያ ደብተሯን አወጣች፤ ገጹን ፈልጋ ፈልጋ፣
ሰረዘችኝ በእስክሪብቶ፣ ሁለቴ፣ እንዳይመለስ አድርጋ።
"ጠፋሽ እኮ" አለች። "መንገድ ቀይሬ ነው" አልኳት።
"አውቃለሁ፤ በድልድዩ ስታልፊ ልጄ ያይሽ ነበር" ስትለኝ፣ ምን ልበላት?

ማክሰኞ ለብድሩ ሠላሳ ሺህ እወስዳለሁ፤ ተማም ተስማምቷል፤
ዘይኑ ይቀየማል፤
ሲንጀሯም ትጠብቅ፣ ጨርቅ ትብላ፤ ለምዶብናል።
ምን እንደሚተርፍ አላውቅም፤ ምናልባት ምንም።
ብቻ ዛሬ ማታ፣ ዝናቡ ገና አልጀመረም፣
ዘንቢሌን ይዤ በአጭሩ መንገድ ሄድኩ።
ቤቴ እንዲህ ቅርብ ኖሯል?
ሽንኩርቱ ሳይከብደኝ ደረስኩ።