ባዶው ዓምድ

በፓርማ አጠገብ ነው፣ ከወንዙ በስተግራ፤
ከወለል ተነሥቶ እስከ መጋዘኑ ጣራ
ፎርማጆ በረድፉ ያረጃል በጨለማ።
ቬሊያ ትመጣለች፣ ጆሮዋ የማይሰማ፣
ትንሽ መዶሻዋን ከሽርጧ አንጠልጥላ፤
አንዴ መታ አድርጋ «ይሄ ተሰንጥቋል» ብላ
ታልፋለች። እኔም ቁጥር፣ ቀንና ፍርዱን እጽፋለሁ፤
አራተኛው ዓምድ ላይ፣ «ምክንያት» ከሚለው፣ ቆሜ እቀራለሁ።

ድሮስ ጆሮ ነበራት፤ ጆሮዋ ነበር ምስክር።
ደንቁራም አልሳተች። እንዴት? ለሷም ምስጢር።

የእህቷ ልጅ ቴሬንዚዮ፣ ቦሎኛ የተማረው፣
ነገሬን ሰምቶ ሳቀ፤ ለሱ ቀላል ነው።
«ምን ያስጨንቅሃል?» አለኝ ወይን እየቀዳ፣
«ቀና መንገድ ያመጣውን ማን ይፈትሻል እንግዳ?
እውነት ላይ ካደረሳት እምነቷ ጸድቋል በቃ፤
መንገዱን ማወቅ የለባት፣ በየት እንደመጣ ጠይቃ።»

«ያ ሚዛንም ልክ ነው» አልኩት፣ «አንድ ግራም አይስትም፤
ያውቃል ግን አንለውም፤ ለምን ስንለው አይመልስም።
ሁለት ዓመት የደከመች ኒቬስ ከደጅ ቆማ
«በምን ጣላችሁብኝ?» ስትል፣ ምን መልስ ትስማ?
ደግሞስ የቱ መንገድ ነው ቀናው? የእጇ? የዕድሏ? የማክሰኞ ጧቷ?
ስሙን ንገረኝና ዓምዱን ልሙላው፤ ይለቀኝ ጭንቀቷ።»

ብርጭቆውን አሽከረከረ። አልመለሰም።

የኦሬስቴን ነገር ለሱ አላነሣሁም።
ኦሬስቴ ሦስቴ ነበር የሚመታ፣
ጆሮውን ደቅኖ፣ ካምናው መዝገብ አመሳክሮ፣ በርጋታ፤
አንድ ምቀኛ መዶሻውን ለወጠበት በማታ።
ክረምቱን ሙሉ ሳተ።
እኔ ግን ከፍርዱ ነውር አላገኘሁም፤
ዓለም ዋሸችው እንጂ እሱ አልዋሸም።

ትናንት ሲመሽ ቬሊያ በሩን ዘግታ ጠራችኝ፤
ይጣል ያለችውን ክብ አውርዳ፣ ቢላ አስያዘችኝ።
«ክፈተው» አለች። ሠላሳ ዓመት ሌሎች ሲከፍቱ እሷ አይታ አታውቅም።
ቆረጥኩት፤ ጣት ያስገባል ስንጥቁ፤ ቃሏ አልወደቀም።

«ልክ ነበርሽ» አልኳት፣ ከንፈሬን እንድታነበው።
ጣቷን ሰድዳ ቆየች፤ ፊቷ ደስታ አልነበረው።
«ልክስ ሁልጊዜ ነበርኩ» አለች፣
«ማየቴ ግን ገና ዛሬ ነው።»

መዝገቡን ገለጥኩ፤ ከአራተኛው ዓምድ ግርጌ
«አየች» ብዬ ጻፍኩ፣ እጄን ቀስ አድርጌ።
ከላይ ያሉት ባዶዎች እንዳሉ ናቸው።