ገምጋሚ ቁጥር ሁለት

ሌቨን በኅዳር፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀኑ ይጨልማል፤
የቤተ መጻሕፍቱ ማማ ደወሉን ለራሱ ያዜማል።
ጠረጴዛዬ ላይ አራት ክምር አለ፣
አራቱም «ሂስ ጻፊልኝ» ያለ።

አንዱ ስለ አፈር ነው፣ ጨው ስለበላው የጠረፍ እርሻ፤
አንዱ ስለ ውርስ ክርክር፣ መነሻው የጠፋው መድረሻ፤
ሦስተኛው ስለ ልብ ምት፣ መቶ አርባ ሰው ለክቶ
ስለ ዓለም ሁሉ የሚያወራ፣ አፉን ሞልቶ፤
አራተኛው ስለ አሮጌ ኦርጋን፣
ሦስት ቱቦው ስለ ደነቆረ፣ ግን
እሑድ እሑድ አሁንም ስለሚዘምር።

የአፈሯ ሴት ሊስቤት ነቀፌታን እንደ አካፋ ትወዳለች፤
«ቆፍሪ! ናሙናው ከስንት ክንድ ጥልቀት ነው?» ትላለች።
የሕጉ ሰው ዮሪስ ግን ሳይነቅፍ በፊት ይሰግዳል፤
«ክቡር ባልደረባዬ» ብሎ ጀምሮ በግርጌ ማስታወሻ ያርዳል።
የሐኪሞቹ አጭር ነው፣ እንደ መድኃኒት ማዘዣ፦
«ቁጥሩ አይበቃም።» አራት ነጥብ። የለውም ማብራሪያ፣ የለውም ማዋዣ።
የዜማ ሊቃውንቱ ደግሞ ሦስት ገጽ ሙሉ ያመሰግናሉ፣
አራተኛው ላይ «ግን» ብለው ይተነፍሳሉ።

እኔ በአራቱም በር እገባለሁ፣ ጫማዬን እያወለቅሁ፣
በየቤቱ «ግን» እንዴት እንደሚባል እየጠየቅሁ።

በልጅነቴ ሂስ የሚጻፍ አልነበረም፤ የሚዋጥ ነበረ።
አባቴ፣ ቀያሹ ገብረየስ፣ ከስብሰባ መጥቶ እራቱን ሳይበላ አደረ።
«ዋጥኩት» አላት እናቴን። ምን እንደዋጠ አልገባኝም፤
ጉሮሮውን ሳይ አመሸሁ፣ አጥንት መስሎኝ። ምንም አይታይም።
ስለዚህ እዚህ፣ ባዕድ ሰው «ሂስሽ ጠቀመኝ፣ አመሰግናለሁ» ሲለኝ
መጀመሪያ ያላገጠብኝ መሰለኝ።

ማክሰኞ አምስተኛው መጣ።
ስም የለውም፣ ደንቡ ነው። ግማሹ የዝናብ ልክ፣ ግማሹ የጤፍ ዋጋ፤
ሁለት እግር አለኝ ብሎ ሁለት ዛፍ የወጣ።
ገጽ ሁለት ላይ ቀይ ብዕሬ ቆመ።
እንግሊዝኛው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ግሱን በጀርባው አዝሎ፣
መጨረሻ ላይ ያወርደዋል፣ «ደረስን» ብሎ።
አወቅሁት። ማን እንደሆነ አይደለም፤
ከየት እንደተነሣ ነው። በእኔ አፍ ያደገ ሰው ነው፣ ሌላ አይደለም።

ሠንጠረዥ ሦስት ተሳስቷል። የሐምሌን ዝናብ ሁለቴ ደምሮታል፤
ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዚያ ውኃ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል።
«እለፊው» አለኝ አንዱ ጆሮዬ፣ «የአገርሽ ልጅ ነው፤ ማን ያየዋል?»
አለፍኩት። አንድ ገጽ ምስጋና ጻፍኩ፣ የዜማ ሊቅ እንኳ ያፍርበታል።
ሻይ ቀዳሁ። ሻዩ በረደ።
አባቴ ትዝ አለኝ፤ ያን ምሽት የነገሩት ስሕተት ይሁን ሐሰት፣
እስኪሞት ድረስ ማንም አልነገረው፣ ማንም አልፈረደ።

አዲስ ወረቀት አወጣሁ።
«ሠንጠረዥ ሦስት፣ ሐምሌ ሁለቴ ተቆጥሯል። ይታረም።»
የሐኪሞቹ አማርኛ ነው ይህ፣ ምንም አይለዝብም።
ከሊስቤት አካፋውን ተዋስኩ፤ የዝናቡ መለኪያ የት እንደተተከለ ጠየቅሁ፣
የዮሪስን ቢላ ግን ለራሱ ተውኩለት።
ከሁሉ በላይ፣ አናቱ ላይ፣ ይህን ጨመርኩበት፦
«ይህን ጥያቄ ሰው ቀድሞ መጠየቅ ነበረበት።»
ፊርማ የለም። ገምጋሚ ቁጥር ሁለት።

ነገ በማላውቀው ከተማ፣ በማላውቀው ወንበር ላይ ሆኖ ያነበዋል፤
ይናደዳል፣ ይነሣል፣ መስኮት ይከፍታል፣ ይመለሳል።
ብቻ አይዋጠው።
ያኝከው።

ስወጣ ዝናብ ነበር። ብስክሌቴ አጥሩን ተደግፋ ትንጠባጠባለች።
የመጀመሪያውን ረቂቅ፣ ያን ሁሉ ምስጋና፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ
ኮርቻውን ጠረግሁበት።
ቤት ስደርስ አየሁት፤ ቀዩ ቀለም ሱሪዬ ላይ ቀርቷል።